ቴዎድሮስ የሚል ስም ያለባቸው መጻሕፍት፦ ለማን የትኛው ይሻላል?

የእህቴ ልጅ ስሙ ቴዎድሮስ ነው። ሰባተኛ ክፍል ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ብሎክ ውስጥ ነው። አስተማሪው «ስለ ስማችሁ አንብባችሁ ክፍል ውስጥ ታቀርባላችሁ» ስትላቸው ሮጦ ወደ እኔ መጣ። «አክስቴ፣ ቴዎድሮስ የሚል መጽሐፍ ግዢልኝ» አለ።

ቀላል መስሎኝ ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ለገሃር፣ ሁለት ታክሲ ነው። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ጋ ቆምኩ። «ጋሼ፣ ቴዎድሮስ የሚል መጽሐፍ ይኖርዎታል?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «የማንን?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አንድ በአንድ እያነሡ ፊቴ ደረደሩልኝ። አምስት ሆኑ። አብዛኞቹ ሽፋን ላይ ያው ሹሩባ የተሠራው ሰውዬ ነው ያለው። ብዙ ገጽ ያለው ብዙ ነገር ይኖረዋል ብዬ ወፍራሙን ገዛሁ። ልጁ ሁለት ገጽ አነበበና ዘጋው።

መጽሐፉ ግን ጥሩ መጽሐፍ ነበር። ለዚያ ልጅ፣ በዚያ ዕድሜው አልሆነም እንጂ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱን ገዝቼ፣ አንዳንዱን ተውሼ፣ አንዳንዱን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። እንደኔ ከከተማው ዳር የምትኖሩ ሰዎች ለአንድ መጽሐፍ ግማሽ ቀናችሁ ስለሚሄድ፣ ከቤት ሳትወጡ የምትፈልጉትን እንድታውቁ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ፦ የትኛው ቴዎድሮስ?

ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው። «ቴዎስ» እግዚአብሔር፣ «ዶሮን» ስጦታ ማለት ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሥላሴ ከምንላቸው ስሞች ጋር በትርጉም ዘመዳሞች ናቸው። ልጁ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው።

በዚህ ስም የሚጠሩ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። የመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር ገብታችሁ «ቴዎድሮስ» ብትሉ የሰማዕቱን ገድል ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። ቀዳማዊ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥም ነበር። የዐፄ ዳዊት ልጅ ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለአጭር ጊዜ ነግሦ ሞተ። ብዙ ሰው የሚፈልገው ዳግማዊውን ነው፤ የቋራውን ካሣ ኃይሉን። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ጫነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ሠዋ።

ካሣ ይህን ስም እንዲሁ አልመረጠውም። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የድሮ የትንቢት መጽሐፍ፣ ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ እንደሚመጣ ይናገራል፤ ሕዝቡም ይህን ትንቢት ያውቀው ነበር። ስለዚህ ስሙ ራሱ ቃል መግባት ነበር። ከታች የማነሣቸው ሁሉ ስለ ዳግማዊው ናቸው።

በምን መዘንኳቸው?

አንደኛ፣ ታሪክ ነው ወይስ ፈጠራ? ሽፋናቸው ስለሚመሳሰል እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ልብ ወለድ ገዝቶ ለፈተና የሚያጠና ልጅ አይቻለሁ። በልብ ወለድ ውስጥ ንጉሡ የሚናገረው ነገር የደራሲው ነው። ደብተር ላይ «ቴዎድሮስ እንዲህ አለ» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም።

ሁለተኛ፣ አማርኛው ለማን ይሆናል?

ሦስተኛ፣ ሰውዬውን ሙሉ ያሳያል ወይ? ይህ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። እኔ የምፈትነው በጎንደር ነው። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፎ አቃጥሏል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይቀሩ። ወሎ ላይም ዘመቻው ከባድ ነበር፤ እጅና እግር አስቆርጧል። የታሪክ መጽሐፍ ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የጎንደርን ገጽ ፈልጉ። በሁለት መስመር ካለፈው ወይም ጭራሽ ከሌለበት፣ በእጃችሁ ያለው ውዳሴ ነው። ልጁ የተሸከመው ስም የዚያ ሰው ነውና ግማሹን ብቻ ማንበብ የለበትም።

አራተኛ፣ ጸሐፊው ከየት አገኘው? አምስተኛ፣ ዛሬ ገበያ ላይ ይገኛል ወይ፣ የኅትመቱስ ጥራት እንዴት ነው?

ጳውሎስ ኞኞ፦ «አጤ ቴዎድሮስ»

ርዕሱን ልብ በሉት። «ዐፄ» አላለም፤ «አጤ» ነው ያለው፣ ባላገሩ እንደሚለው። መጽሐፉም እንዲሁ ነው። አያቶቻችን እሳት ዳር ቁጭ ብለው እንደሚያወጉት ያወጋችኋል። ጳውሎስ ጋዜጠኛ ነበር፤ አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ አገር ሁሉ ያውቀዋል። ተራ አንባቢ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ንጉሡ ምን ይበላ ነበር፣ ማንን ይወድ ነበር፣ እንግሊዞቹን ለምን አሰረ?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ልጆች ሁሉ ይጠይቁታል። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አልመጣለትም። ንቀት ነው ብሎ ቆንስሉን ካሜሮንን አሠረው። ሌሎችም አውሮፓውያን ታሠሩ። እነሱን ለማስፈታት ነው ጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞ እስከ መቅደላ የመጣው። እንዲህ ያለውን ገመድ ጳውሎስ ሲፈታው ሳታውቁት ሃያ ገጽ ትሄዳላችሁ።

ደካማ ጎኑ፣ ወግ ስለሚበዛበት የትኛው ከሰነድ የትኛው ከአፍ እንደመጣ ለይቶ ለማወቅ አንዳንድ ቦታ ይቸግራል። ለዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ለጀማሪ ግን ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

ተክለ ጻድቅ መኩሪያ፦ «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት»

ያ ወፍራሙ መጽሐፍ ይህ ነው። የወጣው በ1981 ዓ.ም. ነው። ስለ ዐፄ ዮሐንስና ስለ ዐፄ ምኒልክም በተመሳሳይ ርዕስ ጽፏል፤ ሦስቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው። የቀድሞ ተማሪዎች ተክለ ጻድቅን በትምህርት ቤት የታሪክ መጻሕፍቱ ያውቁታል።

ይህን መጽሐፍ ለማንበብ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ዘመነ መሳፍንትን ሳያስረዳችሁ ወደ ቴዎድሮስ አይገባም። የጦርነቱን ቦታ፣ የመኳንንቱን ዘር፣ ማን ከማን እንደተጋባ ይቆጥራል። የእህቴ ልጅ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያቆመው በዚህ ነው፤ ስሞቹ ብዙ ሆኑበት። ትዕግሥት ላለው ሰው ግን ሀብት ነው። ደብዳቤዎችን ያቀርባል፣ የውጭ ተጓዦችን ጽሑፍ ይጠቅሳል፣ የተለያዩ ምንጮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በጎንደር ፈተናዬም ያልፋል።

አንድ ምክር አለኝ። ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩት። ከደረስጌ ጦርነት ጀምሩት፤ ካሣ ደጃዝማች ውቤን ያሸነፈበት ነው። ሰውዬውን ከለመዳችሁት በኋላ ወደ ኋላ ተመለሱና መሳፍንቱን አንብቡ።

ልብ ወለዶቹ፦ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ

የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ብርሃኑ የጎንደር ልጅ ነው፣ ጋዜጠኛም ነበር። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ በዘመኑ ከነበረው ረጃጅም አጻጻፍ የተለየበትም በዚህ ነው። ታክሲ ውስጥ ቆማችሁ ሁሉ ታነቡታላችሁ። ርዕሱ እንደሚለው የንጉሡን ሐዘን ያሳያችኋል። እቴጌ ተዋበች ከሞተች በኋላ ቴዎድሮስ ሌላ ሰው ሆነ እየተባለ ይነገራል፤ የታሪክ መጽሐፍ በአንድ አንቀጽ የሚያልፈውን እንዲህ ያለ ነገር ልብ ወለድ ነው ልብ ውስጥ የሚከተው።

የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ሽፋኑ ላይ ስሙ የለም፤ ስለ ቴዎድሮስ መሆኑን ሳያውቁ የሚያልፉት ሰዎች ብዙ ናቸው። ርዕሱን ግን አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሰደቡት ልጅ ለእናቱ አንድ ነበር። ከብርሃኑ ይልቅ አቤ ሰፋ አድርጎ ይተርካል። ልብ ወለድ መጀመሪያ የሚያነብ ሰው ከብርሃኑ ይጀምር፤ ረጅም ትረካ የሚወድ ወደ አቤ ይሂድ።

ሁለቱም በፈተናዬ አይመዘኑም። ልብ ወለድ ናቸዋ።

ተውኔቶቹ

እዚህ የማነሣቸው ሁለት ናቸው፣ ርዕሳቸውም አንድ ነው፦ «ቴዎድሮስ»። ስለዚህ ሻጩን የደራሲውን ስም ጨምራችሁ ጠይቁት።

አንዱ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ነው። «ታሪካዊ ድራማ» ይላል፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ታተመ። አማርኛው የድሮ የቤተ መንግሥት አማርኛ ነው። ንጉሡን የአንድነት ጀግና አድርጎ ያቆመዋል። ሌላው የጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ጸጋዬ ገጣሚ ስለሆነ ቃሉ ይከብዳል፤ ዝም ብሎ ለሚያነበው ሰው ይዘጋበታል። ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው መላው። እኔና ልጁ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ እየተቀባበልን አነበብነው፤ ግማሹ ቃል ባይገባውም ድምፁ ገባው። የድራማ ክበብ ላለው ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ታሪክ ለማወቅ ግን ተውኔት አትግዙ።

ዜና መዋዕሎቹ፦ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች የጻፉት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወዳቸው እነዚህን ነው።

ከቴዎድሮስ በፊት የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። የሱ ግን በአማርኛ ተጻፈ። ደብዳቤዎቹም በአማርኛ ናቸው። ዛሬ በአማርኛ የምናነብና የምንጽፍ ሰዎች ለዚያ ዘመን ባለዕዳዎች ነን።

አንዱን የጻፈው ደብተራ ዘነብ ነው። ንጉሡ በሕይወት እያለ፣ እዚያው አጠገቡ ሆኖ ነው የጻፈው። ታሪኩ መቅደላ ሳይደርስ ይቆማል። ዘነብ መጨረሻውን አያውቅም። ይህን ሳስብ አንዳች ነገር ይሰማኛል። ሌሎቹ መጻሕፍት ሁሉ ከመቅደላ ወደ ኋላ እያዩ የተጻፉ ናቸው፤ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሰውዬው እንደሚሞት እናውቃለን። ዘነብ ጋ ግን ንጉሡ ገና ተስፋ ነው፣ ነገ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ዘነብ ንጉሡን ይወደዋል፤ ይህን እያወቃችሁ አንብቡት።

ሌላውን የጻፈው አለቃ ወልደ ማርያም ነው። ንጉሡ ከሞተ በኋላ ስለጻፈው መጨረሻውም አለበት። ሲወቅስም አይፈራም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ አንድን ጠብ ከሁለት ጎረቤቶች አፍ እንደመስማት ነው።

ሁለቱም መጀመሪያ የታተሙት ውጭ አገር ነው፤ የዘነብ እ.ኤ.አ. በ1902 ሊትማን በሚባል ጀርመናዊ ምሁር አዘጋጅነት፣ የወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1904 ፓሪስ። መንገድ ዳር አታገኟቸውም። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወይም ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) መጠየቅ ነው። አማርኛው የድሮ ስለሆነ መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ከአሥር ገጽ በኋላ ጆሯችሁ ይለምደዋል።

ሌሎች ሁለት

እንግሊዝኛ ለሚያነብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የስቬን ሩበንሰን መጽሐፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ፣ ቀጭን፣ በማስረጃ የተሞላ። ቴዎድሮስን ብቻ ሳይሆን ከሱ በኋላ የመጣውንም ማየት ለሚፈልግ ደግሞ የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ይሻለዋል። 1847 የቴዎድሮስ ንግሥ ዓመት ነው።

ባጭሩ

| መጽሐፍ | ዓይነት | አማርኛው | ለማን | ለማግኘት |
|---|---|---|---|---|
| ጳውሎስ ኞኞ፣ «አጤ ቴዎድሮስ» | ታሪክ፣ ወግ የበዛበት | ቀላል | ለጀማሪ፣ ከ12 ዓመት በላይ ላለ ልጅ | ቀላል |
| ተክለ ጻድቅ መኩሪያ፣ «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» | ታሪክ፣ ሰነድ ያለው | መካከለኛ፣ ረጅም | ለትልቅ ሰው፣ ለተማሪ | መፈለግ ያስፈልጋል |
| ብርሃኑ ዘሪሁን፣ «የቴዎድሮስ ዕንባ» | ልብ ወለድ | ቀላል | ታክሲ ውስጥ ለሚያነብ | መካከለኛ |
| አቤ ጉበኛ፣ «አንድ ለናቱ» | ልብ ወለድ | መካከለኛ | ረጅም ትረካ ለሚወድ | መካከለኛ |
| ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ «ቴዎድሮስ» | ተውኔት | የድሮ | ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ | ከባድ |
| ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ «ቴዎድሮስ» | ተውኔት | ከባድ፣ ግጥማዊ | ለድራማ ክበብ | መካከለኛ |
| ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም | ዜና መዋዕል | የድሮ | ለተመራማሪ፣ ለታሪክ ወዳጅ | ቤተ መጻሕፍት |

እንደ ኪሳችሁና እንደ ፍላጎታችሁ

አንድ መጽሐፍ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ ጳውሎስን ግዙ። ሁለት ከቻላችሁ ጳውሎስንና ብርሃኑን፤ አንዱ ታሪኩን ሌላው ሐዘኑን ይሰጣችኋል። ስሙ ቴዎድሮስ ለሆነ ትልቅ ሰው ስጦታ ከሆነ ተክለ ጻድቅን ስጡ። ወፍራም ነው፣ መደርደሪያ ላይ ያምራል፣ ዕድሜ ልክ ይነበባል።

ገንዘብ ከሌለ አትጨነቁ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ከዳር መጥቶ መመለሱ ትራንስፖርት ቢያስወጣም፣ ጠዋት ገብታችሁ ማታ ከወጣችሁ ብርሃኑን በአንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ። መጽሐፍ የሚያከራዩም አሉ፤ ልብ ወለድ ከሆነ መከራየቱ ይሻላል፣ የታሪክ መጽሐፍ ግን ተመልሶ የሚታይ ነውና ግዙት። እኛ ብሎክ ውስጥ ደግሞ ሦስት ቤት ሆነን አንድ አንድ ገዝተን እንለዋወጣለን።

ከዳር ለምትመጡ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ። በቴሌግራም የሚሸጡ ብዙዎች ስላሉ የሽፋኑንና የውስጡን ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ስትፈልጉ «አጤ»ም «ዐፄ»ም «አፄ»ም ብላችሁ ሞክሩ፤ በአንዱ ያልወጣው በሌላው ይወጣል።

እጃችሁ ሲገባ መሃሉን ግለጡት። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ፊደሉ የደበዘዘ፣ የዳሩ መስመር የተቆረጠ፣ ገጽ የዘለለ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ መቅደላው የተዘለለበት ገዝቼ ቤት ደርሼ ነው ያወቅሁት። የመጨረሻዎቹን ሃያ ገጾች ሳትቆጥሩ አትክፈሉ። ደግሞም ሕጋዊው ኅትመት ካለ እሱን ግዙ። ኮፒው ሲሸጥ ለጸሐፊው ቤተሰብ የሚደርስ ነገር የለም።

ያ የትምህርት ቤት ሥራ በጳውሎስ ተሠርቶ ቀረበ። ከዚያ ልጁን ቸርችል ጎዳና ወስጄ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን የንጉሡን መድፍ ምስል አሳየሁት። ዋናው መድፍ አሁንም መቅደላ ላይ ነው ያለው፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ተሠርቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ እዚያ እንደወጣ ነገርኩት። ብዙ ቆሞ አየው። ታክሲ ውስጥ ገብተን ቃሊቲ ልንደርስ ስንል «አክስቴ፣ ጎንደርን ግን ለምን አቃጠለ?» አለኝ።

መልሱን በደንብ አላወቅሁትም። ቤት ስንገባ ያንን ዘግቶት የነበረውን ወፍራም መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድን። አሁን ማታ ማታ አምስት አምስት ገጽ አብረን እናነባለን። ስሞቹን እሱ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ እኔ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እፈልግለታለሁ። ገና ጎንደር አልደረስንም።